ትራክተር ቢበዛም ጭቃው አልተሸነፈም፦ የጅግጅጋ ሜዳ የእርሻ ቀናት ለምን ይባክናሉ?

በሶማሌ ክልል ፋፈን ዞን የካራን ዝናብ በወረደ ማግስት በአርሶ አደሩ ፊት ሁለት ሥጋቶች አብረው ይቆማሉ። ካልቸኮለ የዘር ወቅቱ ያልፈዋል፤ ከቸኮለ ደግሞ የተከራየው ትራክተር ማሳው መካከል ሰምጦ ይቀራል። የሰመጠ ትራክተር የአንድ ሰው ችግር ብቻ ሆኖ አያበቃም። እርሱን ለመጎተት ሌላ ትራክተር ከሥራው ይነሣል፤ ተራቸውን የሚጠብቁ ጎረቤቶች ቀናቸው ይባክናል፤ ነዳጅ ያለ ሥራ ይቃጠላል፤ ማሳውም ጎማው በቆፈረው ጉድጓድ ተበላሽቶ ይቀራል።

ባለፉት ዓመታት የስንዴን ምርት ለማሳደግ በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ንቅናቄ የጅግጅጋ ሜዳና አካባቢው ትልቅ ተስፋ ከተጣለባቸው ስፍራዎች መካከል ናቸው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የግብርና ማሽነሪዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ ሆነው እንዲገቡ መፍቀዱም የእርሻ ሜካናይዜሽንን ለማስፋፋት በር ከፍቷል። ስለ ሜካናይዜሽን በሚሰጡ መግለጫዎች ዘወትር የሚጠቀሰው ግን የትራክተሮች ቁጥር ነው። አንድ ትራክተር በአንድ የእርሻ ወቅት ውስጥ ስንት ቀን ማሳ ገብቶ ለመሥራት እንደቻለ እምብዛም አይጠየቅም። በጭቃማ ምድር ላይ ምርቱን የሚወስነው ግን ይኸኛው ቁጥር ነው።

የሜዳው አፈርና የዝናቡ ጠባይ

ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ፣ ከካራማራ ተራሮች በስተምሥራቅ በተዘረጋው ሰፊ ሜዳ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አካባቢው በዓመት ሁለት ዝናብ ያገኛል። «ዲራዕ» የሚባለው በመጋቢትና በግንቦት መካከል ይዘንባል፤ «ካራን» ደግሞ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ እስከ መስከረም ይዘልቃል። የሜዳው ዝቅተኛ ክፍሎች በብዙ ስፍራ የሸፈናቸው በአማርኛ «ዋልካ» ወይም «መረሬ» የምንለው ጥቁር የሸክላ አፈር ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ዓይነቱ አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት እንደሚሸፍን ይገመታል፤ በስፋቱም አገራችን በአፍሪካ ከሱዳንና ከቻድ ቀጥላ ትጠቀሳለች። ዋልካ በማዕድን የበለጸገና ውኃን ለረጅም ጊዜ የሚይዝ በመሆኑ ለስንዴ፣ ለማሽላና ለበቆሎ የተመቸ ነው። ችግሩ ከሁለት ጫፎች መካከል የሚገኘው የሥራ ጊዜ እጅግ ጠባብ መሆኑ ነው። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክርና እግር በሚያስገባ ስንጥቅ ይተረተራል። ሲርስ ያብጣል፤ ስንጥቁ ይዘጋል፤ ውኃው ወደ ውስጥ መስረጉን አቁሞ ከላይ ይተኛል፤ ጭቃውም ከጎማና ከማረሻ ጋር ይጣበቃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል አፈሩ በማረሻ ሲነካ የሚፈረፈርባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው።

በሲቲ ዞን፣ በሽኒሌና በኤረር አቅጣጫ ያለው ሁኔታ የተለየ ነው። እዚያ ምድሩ ቆላ ሲሆን፣ ትራክተርን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ በደረቅ ወንዞች ዳር የሚያስቀምጠው አሸዋና ደለል ነው። ስለዚህ በአንድ ክልል፣ በጎረቤት ዞኖች ውስጥ እንኳ ለስላሳ ምድር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለአሸዋው የሚበጀው ለዋልካው ላይበቃ ይችላል።

ከግመል እግር የሚገኝ ትምህርት

ይህን ልዩነት የአካባቢው አርብቶ አደር ከማንም በላይ ያውቀዋል። የግመል እግር ሰፊና ለስላሳ በመሆኑ ክብደቷን በትልቅ ስፋት ላይ ያሳርፋል፤ በአሸዋ ላይ ስትሄድም አትሰምጥም። ያችው ግመል ዝናብ በመታው ሸክላ ላይ ስትቆም ግን ትንሸራተታለች፤ ሰፊው እግሯ ምድርን ቆንጥጦ የሚይዝ ሰኮና የለውምና። ግመል ነጂዎች በዝናብ ወቅት ዋልካማ ስፍራን የሚሸሹት በዚህ ምክንያት ነው።

በሶማሊኛ «ዐገፍ» የሚባለው ትራክተርም የሚገዛው በእነዚሁ በሁለት ሕጎች ነው። የመጀመሪያው ሕግ ጫና ነው፤ ይህም ክብደቱ በምን ያህል ስፋት ላይ እንዳረፈ የሚለካበት ነው። ሁለተኛው ሕግ መያዣ ነው፤ የጎማው ጥርስ አፈሩን ቆንጥጦ ወደፊት መግፋት መቻሉን ይመለከታል። የሞተር ጉልበት የሚመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ ቀጥሎ ነው። መያዣ በሌለበት የሚጨመር ጉልበት ጎማውን በቦታው ከማሽከርከርና ጉድጓድ ከመቆፈር በቀር ፋይዳ የለውም።

ጎማው መሬት ላይ የሚያሳርፈው ጫና በውስጡ ካለው የአየር ግፊት ጋር ተቀራራቢ ነው። በሁለት ባር የተነፋ ጎማ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ ወደ ሁለት ኪሎ ግራም ገደማ ያሳርፋል። ግፊቱ ወደ አንድ ባር ዝቅ ሲል ጎማው ተንጣሎ የሚያርፍበት ስፍራ ይሰፋል፤ ጫናውም ወደ ግማሽ ይቀርባል። ይህ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ማስተካከያ ነው። ይሁን እንጂ የጎማው አምራች ለተሸከመው ክብደት ከፈቀደው ዝቅተኛ መጠን በታች መውረድ አይገባም፤ በአስፋልት ላይ ከመጓዝ በፊትም ግፊቱን መመለስ ግዴታ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የግፊት መለኪያና የአየር መንፊያ ቢሆንም፣ ከብዙ ትራክተሮች ጋር ሁለቱም አይገኙም።

አነስተኛ ትራክተር መፍትሔ ነውን?

በአገራችን እርሻዎች የተለመዱት ትራክተሮች በአብዛኛው ከ80 የፈረስ ጉልበት በላይ የሆኑና ከሦስት ቶን በላይ የሚመዝኑ ናቸው። ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያላቸው አነስተኛ ትራክተሮች ክብደታቸው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ቶን ነው። ቀላል ማሽን ርጥብ ማሳ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ከመሆኑም በላይ ቢሰምጥም ለማውጣት ይቀላል። አነስተኛ ማሳ ላላቸው ከፊል አርብቶ አደሮችም ዋጋው ይበልጥ የሚቀርብ ነው።

ሆኖም ትንሽነቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አነስተኛ ትራክተር ጎማው ትንሽ፣ ሆዱም ለመሬት የቀረበ ነው። በጥልቅ ጭቃ ውስጥ ጎማው ጥቂት ሲሰምጥ ሆዱ መሬት ይነካል፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ከጎማዎቹ ላይ ስለሚነሣ ማንኛውም ጉልበት ከቦታው አያንቀሳቅሰውም። ከዚህም በላይ ብዙ አነስተኛ ትራክተሮች ለግንባታና ለግቢ ሥራ ታስበው የተሠሩ፣ ጥርሱ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ጎማ የተገጠመላቸው ናቸው። በጎማ ገበያ «አር-4» የሚባለው ይህ ዓይነት በጠንካራ መሬት ላይ ዕድሜው ረጅም ነው፤ በሸክላ ጭቃ ውስጥ ግን በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ወዲያው ይደፈንና ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ለእርሻ የሚሠራው «አር-1» ጥርሱ ረጅም፣ ክፍተቱም ሰፊ ስለሆነ ሲሽከረከር ጭቃውን ያራግፋል። «አር-2» የሚባለው ደግሞ ለሩዝ ማሳ የተዘጋጀ፣ ከሁሉም የጠለቀ ጥርስ ያለው ነው። ስለዚህ ገዢው «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ምን ዓይነት ጎማ ላይ ቆሟል? አራቱም ጎማዎች ይነዳሉን? ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አቆራኝቶ የሚያሽከረክር ዲፈረንሻል ሎክ አለውን?» ብሎ ቢጠይቅ ገንዘቡን ከኪሳራ ያድናል።

በእስያ የሩዝ አምራች አገሮች ከጎማው ጎን የሚገጠም፣ ከብረት ዘንግ የተሠራ ቀፎ መሰል መንኮራኩር በስፋት ይሠራበታል። ተመሳሳዩን በሀገር ውስጥ ብየዳ ቤቶች መሥራት ይቻላል። ሆኖም ገደብ አለው፦ በመንገድ ላይ አስፋልቱን ስለሚጎዳ ማሳው ዳር ተገጥሞ ማሳው ዳር መፈታት ይኖርበታል።

ሌላው አማራጭ ኦፕሬተሩ ከኋላ እየተራመደ የሚመራው ባለሁለት ጎማ ትራክተር ነው። ባንግላዴሽ በ1988 እ.ኤ.አ. ከደረሰባት ከባድ ጎርፍ በኋላ የእርሻ በሬዎቿ ስላለቁ የማስገቢያ ገደቦችን አንሥታ በእነዚህ ማሽኖች እርሻዋን መለወጧ በብዙ ጥናቶች ይጠቀሳል። በኢትዮጵያም ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ሞክሯቸዋል። ይሁንና የባንግላዴሽ ማሳ ለስላሳ ደለል ነው። ደርቆ የጠነከረ ዋልካን ለመፈንቀል የ15 የፈረስ ጉልበት ማሽን አቅም ያንሰዋል። ለመዝራት፣ ለመውቃትና ለማጓጓዝ ግን ጥሩ አጋዥ ሊሆን ይችላል።

መጠበቅ የማይከፈልበት ሥራ

ቴክኒኩ ይህን ያህል የታወቀ ከሆነ ትራክተሮች በየዓመቱ የሚሰምጡት ለምንድን ነው? መልሱ በአብዛኛው ያለው በኪራዩ ሥርዓት ውስጥ ነው።

በጅግጅጋ ዙሪያ አብዛኛው አርሶ አደር ትራክተር የሚያገኘው በኪራይ ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ከተማ ይኖራል፤ ኦፕሬተሩ ደግሞ ተቀጣሪ ነው። ኪራዩ በሰዓት ሲሆን በጭቃ ምክንያት የሚጓተተውን ሥራ የሚከፍለው አርሶ አደሩ ነው። ኪራዩ በሄክታር ሲሆን ደግሞ ኦፕሬተሩ ማሳው እስኪጠነክር ከመጠበቅ ይልቅ ቶሎ ጨርሶ ወደሚቀጥለው መሄድ ይመርጣል። በሁለቱም መንገድ መጠበቅ ያስከፍላል እንጂ አይከፈልበትም። አርሶ አደሩም ዛሬ ተራውን ቢያሳልፍ ትራክተሩ መቼ እንደሚመለስ ዋስትና ስለሌለው «ይግባ» ማለቱ የሚጠበቅ ነው።

የድርቁም ጠባሳ በዚህ ላይ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መገባደጃ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በአፍሪካ ቀንድ ሰፊ አካባቢ ሲከሽፉ፣ የሶማሌ ክልል አርብቶ አደሮች እጅግ ብዙ እንስሳት አጥተዋል። በሬው ያለቀበት ቤተሰብ ትራክተሩ ቢዘገይ የሚመለስበት ሌላ የማረሻ ኃይል የለውም። ዝናብን ለወራት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ዝናቡ በመጣ ጊዜ «ሁለት ቀን ታገሥ» ቢባል ለመቀበል ይቸገራል።

በችኮላ የገባ ትራክተር ባይሰምጥም እንኳ ያስከፍላል። በርጥብ አፈር ላይ የሚያልፍ ጎማ ከሥር ያለውን አፈር ይደፈጥጠዋል፤ ሥር የሚተነፍስበትና ውኃ የሚሰርግበት ቀዳዳ ይዘጋል። ከጉዳቱ አብዛኛው የሚደርሰው ጎማው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያልፍ ነው። ዋልካ ሲደርቅና ሲርስ እየተሰነጠቀ ራሱን የመጠገን ጸጋ ቢኖረውም፣ ይህ ብዙ ወቅቶችን ይፈልጋል። በዚህ ዓመት በጭቃ የታረሰ ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ውኃ ያቁራል፤ ውኃ ያቆረ ማሳም እንደገና ትራክተር ያሰምጣል።

ለከተማው ነዋሪም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ትራክተሩን የገዛው ገንዘብ፣ የሚጠገንበት ጋራዥ፣ የሚሸጠው ዱቄትና እንጀራ የከተማ ጉዳዮች ናቸው። ከሐረር በጅግጅጋ አድርጎ ቶጎ ውጫሌ በሚደርሰው አስፋልት ላይ ከማሳ የወጣ ጎማ የሚያራግፈው ጭቃም በዝናብ ጊዜ መንገዱን ያንሸራትታል፤ አሽከርካሪንና እግረኛን ለአደጋ ያጋልጣል።

ውኃውን ማስወጣት፣ መንገዱን መለየት

የጭቃ መድኃኒት የሚጀምረው ከማሳው ነው። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች በዋልካ መሬታቸው ላይ በእጃቸው ሰፋፊ መደብና ቦይ እያወጡ ትርፍ ውኃን የማስወገድ የቆየ ልማድ አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል፣ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እና በሕንድ ሐይደራባድ የሚገኘው ኢክሪሳት የተባለው የምርምር ተቋም በጋራ በዚሁ ልማድ ላይ ተመሥርተው በበሬ የሚጎተት የሰፊ መደብ ማውጫ ማረሻ አስተዋውቀዋል። ይኸው አሠራር በትራክተር መሣሪያም ይሠራል። ቦዩ ዝናብ በሚያጥርበት ዓመት ርጥበቱን እንዳያባክን ግን በመጠኑ ሊሆን ይገባል፤ ጅግጅጋ ከሸዋ ደጋ ያነሰ ዝናብ ታገኛለችና።

ከአውስትራሊያም የሚወሰድ ትምህርት አለ። በኩዊንስላንድ ተመሳሳይ ጥቁር አፈር ላይ የሚያርሱ ገበሬዎች ትራክተራቸው በየዓመቱ በአንድ የተወሰነ መስመር ላይ ብቻ እንዲሄድ ያደርጋሉ። የጎማው መስመር እየጠነከረ መንገድ ይሆናል፤ ሰብል የሚበቅልበት ቀሪው መሬት ሳይረገጥ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። የእነርሱ ማሽኖች በሳተላይት ይመራሉ። አሳቡን በሥራ ላይ ለማዋል ግን በማሳው ዳርና መካከል ችካል መትከል ለመጀመር ይበቃል።

አፈሩ ለእርሻ መድረሱን ለማወቅም የምርምር ጣቢያ አያስፈልግም። ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት፣ ማለትም ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ወርዶ፣ አንድ ጭብጥ አፈር ማውጣትና በመዳፍ መካከል ማድበልበል ነው። አፈሩ ከእርሳስ የቀጠነ ገመድ ሆኖ ሳይቆራረጥ ከወጣ ገና ርጥብ ነው፤ ትራክተሩ ይጠብቅ። ከተፈረፈረ ሊገባ ይችላል። የላይኛው ቅርፊት ደርቆ ስለታየ ብቻ መግባት ብዙዎችን የሚያሳስት ነው፤ ከሥሩ ያለው ዋልካ ለቀናት ውኃ ይዞ ይቆያልና።

የሰመጠ ትራክተርና የሰው ሕይወት

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ትራክተር የሚሰምጥበት ጊዜ ይኖራል። ያን ጊዜ ከማሽኑ በፊት የሚታሰበው የሰው ነፍስ ነው።

ጎማው ሳይራመድ መሽከርከር እንደጀመረ ነዳጅ መጨመር ማቆም ይገባል፤ የጥርሱ አሻራ መሬት ላይ በግልጽ መታየቱን ትቶ ከተጨማለቀ ትራክተሩ መቆፈር ጀምሯል ማለት ነው። ማረሻውን ማንሣት ወይም መፍታት፣ በመጡበት መስመር ወደ ኋላ ለመውጣት መሞከር፣ ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ጠርጎ ቅርንጫፍ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ማንጠፍ ቀዳሚዎቹ እርምጃዎች ናቸው። ዲፈረንሻል ሎክ የሚያዘው ጎማዎቹ ቆመው፣ መሪውም ቀጥ ብሎ ሳለ ነው።

በሌላ ትራክተር መጎተት ካስፈለገ የሚጎትተው በጠንካራ መሬት ላይ ይቁም፤ ሰንሰለቱም ረጅምና ጤናማ ይሁን። ሰንሰለቱ መታሰር ያለበት ከኋላ ዝቅ ብሎ ባለው የመጎተቻ ብረት ላይ ብቻ ነው። ከኋላው አክስል በላይ ወይም ከወንበሩ ሥር ከታሰረ፣ የሚጎትተው ትራክተር የፊት ጎማዎቹ ተነሥተው ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል፤ ይህም ኦፕሬተሩ ፍሬን ለመያዝ እንኳ ፋታ ሳያገኝ በቅጽበት ይፈጸማል። አንዳንዶች እንደሚያደርጉት በኋላ ጎማዎቹ ላይ ግንድ አስሮ ለመውጣት መሞከርም እንዲሁ ገዳይ ነው፤ ጎማው መዞር ሲከለከል የሚዞረው የትራክተሩ አካል ነውና። የተበጠሰ ሰንሰለት ወይም ገመድ በአቅራቢያው የቆመን ሰው ሊገድል ስለሚችል፣ በተለይ ለማየት የሚሰበሰቡ ልጆች ከሰንሰለቱ ርዝመት በእጥፍ ርቀው መቆም አለባቸው።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ ትራክተሮች ሁሉ ሲገለበጡ ኦፕሬተሩን የሚከላከል የብረት ክፈፍ እንዲኖራቸው በሕግ ካስገደደች ወዲህ በመገልበጥ የሚደርሰው ሞት በእጅጉ ቀንሷል። ክፈፉ ከወንበር ቀበቶ ጋር አብሮ ሲሆን ሕይወት ያድናል። በእኛ አገር ክፈፉ ለጥላ የማይመች ሆኖ ሲገኝ ተፈትቶ መጋዘን የሚጣልበት ልማድ ሊቆም ይገባል።

ከቁጥር ወደ ሥራ ቀናት

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ መደምደሚያ ይወስዳል። በፋፈንና በሲቲ ዞኖች ተጨማሪ ትራክተር ማስገባት ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ለምድሩ የማይስማማ፣ ጎማው ያልታሰበበት፣ ኦፕሬተሩ ያልሠለጠነ ትራክተር በሦስት ቀን የዝናብ ማግስት ለማሳው ሸክም ነው።

በመንግሥትም ሆነ በማኅበራት በኩል የሚፈጸም ግዢ የጎማውን ዓይነት፣ የአራት ጎማ ነጂነትን፣ ዲፈረንሻል ሎክንና የመከላከያ ክፈፍን በመስፈርቱ ውስጥ በግልጽ ሊያሰፍር ይገባል። የግብርና ባለሙያዎች በየቀበሌው የማሳዎችን ቅደም ተከተል በአፈር ዓይነት ቢያወጡ፣ ትራክተሩ በመጀመሪያ ውኃ ቶሎ በሚለቀው ተዳፋት ላይ፣ በመጨረሻም በዝቅተኛው ዋልካ ላይ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ መጠበቅ ተራ ማጣት አይሆንም። ምርት በተሰበሰበ ማግስት፣ አፈሩ ጥቂት ርጥበት ይዞ ሳለ፣ የመጀመሪያውን እርሻ ማከናወንም በዝናብ ወቅት ያለውን ግፊት ይቀንሳል። በኪራይ ውል ውስጥ ደግሞ ትራክተሩ ቢሰምጥ የባከነውን ጊዜና የመጎተቻውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ ቢጻፍ፣ «ይግባ» የሚለው ውሳኔ በጥንቃቄ ይሰጣል። የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲና የክልሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለኦፕሬተሮች የሚሰጡት ሥልጠናም መንዳትን ብቻ ሳይሆን የጎማ ግፊትን፣ የአፈር ርጥበትንና የመጎተት ደኅንነትን ሊያካትት ይገባዋል።

የሚቀጥለው የካራን ዝናብ ሲወርድ የየወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ከትራክተሮቹ ቁጥር ጎን አንድ ሌላ ቁጥር ቢመዘግብ መልካም ጅምር ይሆናል፦ እያንዳንዱ ትራክተር ስንት ቀን አረሰ፣ ስንት ቀን ቆመ፣ ስንት ጊዜስ ተጎትቶ ወጣ? ይህ መዝገብ በተሟላ ቁጥር ተጨማሪ ትራክተር የት እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ማሳ ደግሞ ከትራክተር በፊት ቦይ እንደሚሻ ያሳያል።